የማልቀመጥበት ህልም

ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ አንድ ህልም ተመላልሶብኝ ነበር። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቡሪየን የሚባል ከተማ ያለው አፓርትማችን ሳሎን በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ እኔ ሻይ ላቀርብ ከኩሽና ሳሎን፣ ከሳሎን ኩሽና እላለሁ። ስኒ ሳመጣ ስኳር እረሳለሁ፤ ለስኳሩ ስመለስ ማንኪያው ይጠፋል። ማንም ምንም አይናገርም። ከዚያ የስልኬ አላርም ይጮኻል፤ ተነስቼ ዩኒፎርሜን ለብሼ ወደ ኤርፖርት እሄዳለሁ። ሥራዬ መንገደኛ በዊልቸር መግፋት ነው።

ነጠላ ያዘቀዘቀ እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ እዚህ ያሉ ያገሬ ሰዎች እንዲሁ ነው የመጡት፤ እሑድ ገና ሳይነጋ፣ በሩን በቀስታ አንኳኩተው። አባቴ ከተቀበረ ወር አልፎት ነበር። ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ስመውኛል፣ «ቤተሰብ ደህና?» ብለውኛል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው አገር ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንስ ብለው ነው። ይገባኛል። ግን ተናድጃለሁ፣ እስከ ዛሬም ንዴቱ አልወጣልኝም። ታሞ ሳለ ቢነግሩኝ ኖሮ ድምፁን እሰማ ነበር።

ህልሙ ሲደጋገም ፈራሁ። ሾርላይን የሚባል ከተማ የሚኖሩ አንዲት ያገሬ አሮጊት አሉ፤ ህልም ያየ ሰው ሁሉ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። እኔም ደወልኩ።

«ለደጉ ያድርገው፣ ልጄ» አሉኝ ገና ሳልጨርስ። «በህልም ልቅሶ ደስታ ነው። ይሄ ሰርግ ነው። ልጅሽን ልትድሪ ነው።»

«እማማ፣ ልጄ እኮ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ደስታ ነው» አሉ፣ ምንም ቅር ሳይላቸው።

ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ ክፉ ፈትተው አያውቁም። ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ። በማግሥቱ እንግዶቹ ተመልሰው መጡ።

ያኔ እልህ ያዘኝ። የገዛ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠው የሚያስፈራሩኝ እነማን ናቸው? ስነቃ ዐይኔን ሳልገልጥ ያስታወስኩትን ሁሉ ለስልኬ እየተናገርኩ መቅዳት ጀመርኩ። ልጄ በር ላይ ቆማ ሰማችኝ።

«ማም፣ ከማን ጋር ነው ቶክ የምታደርጊው?»

ነገርኳት። ትምህርት ቤት የሳይኮሎጂ ክላስ ትወስዳለች፤ ዐይኗ በራ። አብረን የምናወራው ነገር ካገኘን ሰንብተን ነበር።

«ሶ ህልሙ ስለ ፊውቸር ላይሆን ይችላል» አለች። «ኢትስ አባውት ዩ። ውስጥሽ የሚያውቀው፣ አንቺ ግን ማወቅ የማትፈልጊው ነገር ይኖራል። ለምን አትጠይቂያቸውም?»

«እንግዳ ለምን መጣህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?»

«ህልም ነው እኮ፣ ማም።»

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ቢባልም ሞከርኩት። ከመተኛቴ በፊት «ዛሬ እጠይቃቸዋለሁ» እያልኩ ለራሴ ቃል እገባለሁ፤ ህልሜ ውስጥ ግን ሻይ ሳፈላ ይነጋል። ተኝቼም ከመስተንግዶ አላረፍኩም።

ልጄ ግን የዋዛ አይደለችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ኦኬ፣ እንግዲያው በእውን እናድርገው፤ አንቺ እንግዳዋን ሁኚ» ብላ ነጠላዬን አመጣችልኝ። ማዘቅዘቁን እምቢ አልኩ፤ እናቴ በሕይወት እያለች ሟርት ነው። ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ እንግዶቹ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ተቀመጥኩና ዐይኔን ጨፈንኩ። የምስቅ መስሎኝ ነበር። ኩሽና ውስጥ ጎንበስ ቀና የምትለውን ሴት አየኋት። ስኒ ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፣ ወደ እኛ ዞር አትልም። እኛ ዝም ያልነው ልንደብቃት አልነበረም። እስክትቀመጥ እየጠበቅናት ነው።

ዐይኔን ገለጥኩ። የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ስደውል ወንድሜ «ተኝታለች»፣ «ጸበል ሄዳለች»፣ «ጎረቤት ናት» ሲለኝ ከርሟል። እኔም «ሁሉ ሰላም ነው አይደል?» እለውና መልሱን ሳልጠብቅ ስለ ኑሮ ውድነት እጠይቀዋለሁ። ለካ አብረን ነበር የምንደብቀው።

እሑድ ጠዋት ደወልኩለት።

«ሁሉ ሰላም ነው» አለኝ ገና ሳልጠይቀው።

«ተቀምጫለሁ፤ ልጄም አጠገቤ ናት» አልኩት። «እማዬ ምን ሆና ነው?»

በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ማንም እንዳልነገረኝ ስነግረው አለቀሰ። ታናሼ ነው፤ ሲያለቅስ ከሰማሁት ዘመን የለውም። እናታችን ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወራት ሆኗታል፤ ምላሷም ተሳስሯል። እንዳይነገረኝ ያስማለችው ራሷ ናት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዲያደርግላት አዘዝኩት። ስሜን ልትጠራ ሞክራ ግማሹን ብቻ አወጣችው።

«እማዬ፣ እየመጣሁ ነው» አልኳት። ያለቀስኩት ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነው።

ሰኞ ሱፐርቫይዘሬ ጋ ገባሁ። ያገሬ ሰው ነው፤ ለአባቴ ሐዘን ስሄድም ፈቃድ የሰጠኝ እሱ ነበር። አሁንም አገር ቤት መሄድ እንዳለብኝ ስነግረው ከወንበሩ ተነሳና ኮፍያውን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። «ሶ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አልኩት። «ለዚህ ነው የምሄደው።»