ከምሰሶው የነቀልኩት ሽቦ

በነሐሴ ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ ከጭሮ ወደ ሂርና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት መንደር፣ ከጎርፍ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ነቀልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ጎርፍ መጣ። አንዲት ሴት ሞተች።

ይህን እስክጽፈው ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ሥራዬ ጋዜጠኝነት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ «ማን አደረገው?» ብዬ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። መልሱን እያወቅኩ ሌላ መልስ የጻፍኩት አንድ ጊዜ ነው። አንተ የምታነበው ሰው ፍረደኝ፤ ግን መጀመሪያ የሆነውን እንደሆነው ላስቀምጥ።

ጭሮ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ የኤሌክትሮኒክስና የኮድ ቡድን ነበረን። ጥቂት አስተማሪዎች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ሬዲዮና ስልክ የምትጠግን ኢፍቱ የምትባል ሴት፣ እና እኔ። እኔ የሄድኩት ለዘገባ ነበር፤ በዚያው ቀረሁ። በሃምሳ ዓመቴ፣ አንዲት ትንሽ መብራት እኔ በጻፍኩት ትእዛዝ ስትበራና ስትጠፋ ሳይ ሌላ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ብየዳ ያስተማረችኝ ኢፍቱ ናት። «ጋሼ፣ ሽቦውን አሙቀው እንጂ አታቃጥለው» ትለኝ ነበር። የእሷ ብየዳ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ የውሃ ጠብታ ይመስል ነበር።

ትልቁ ሥራችን ያ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው። በመንደሯ መሃል አሸዋማ ደረቅ ወንዝ ያልፋል። ሐሙስ ሐሙስ ገበያው ከዳር አልፎ ወደ አሸዋው ይወርዳል፤ ሽንኩርቱም፣ ድንቹም፣ ሰልባጁም እዚያ ይዘረጋል። ክረምት ላይ ግን ተራራው ጫፍ ዘንቦ፣ መንደሯ ላይ ፀሐይ እያለ፣ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። ስለዚህ ከላይ ወንዙ ጠበብ የሚልበት ቦታ ላይ መለኪያ ሰቀልን። መለኪያው ከሥሩ ያለው ነገር ሲቀርበው ገበያው ዳር ለተከልነው ምሰሶ በሬዲዮ ያስታውቃል። ምሰሶው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ፣ የተቆለፈ ሣጥንና የድምፅ ማጉያ አለ።

ምን ይጩህ? «ሳይረን ብናደርገው አምቡላንስ ነው ብለው ቆመው ያያሉ» አለች ኢፍቱ። ሰው የሚታዘዘው የሚያውቀውን ድምፅ ነው። በዚያ ገበያ ደግሞ የአዴ ፋጡማን ድምፅ የማያውቅ አልነበረም። ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ «አዴ» የሚሏት እናት ለማለት ነው፤ ከወዲያኛው ዳር ብትጣራ ወዲህኛው ዳር ያለ አህያ ጆሮውን ያቆማል። እኔ እንደ ከተማ ሰው «እርስዎ» ስላት «ሁለት ሆኜ ነው እንዴ የመጣሁት? አንቺ በለኝ!» እያለች ታስቀኝ ነበር።

የቀረጽናት እዚያው ምሰሶው ሥር ነው። «ቢሻን ዱፌ! በአ! ውሃ መጣ! ውጡ!» አለች፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ሦስት ሦስት ጊዜ። ከዚያ መቅረጫውን አየት አድርጋ ጠየቀች።

«እኔስ? ራሴ ራሴን ስጠራ ልሩጥ ነው?»

«አንቺማ ቀድመሽ ሩጪ፣ አዴ» አለቻት ኢፍቱ።

«ወላሂ፣ በገዛ ድምፄ የምባረር ሴት ሆንኩ!»

መሣሪያው አንድ ጠባይ ነበረው። በገበያ ቀን ጭነት የተቆለለባቸው አህዮች በመለኪያው ሥር ሲያልፉ ውሃ ይመስሉታል። ያን ጊዜ ይጮሃል። አንዱ አስተማሪ ትንሽ አዘግይተን እናጣራው ቢል ኢፍቱ እምቢ አለች። «አህያ ከሆነ ወጥተው ይስቃሉ። ውሃ ከሆነ የዘገየው ነው የሚገድላቸው» አለች። ትክክል ነበረች። ሰዉም ለመደው፤ አዴ ፋጡማ ከምሰሶው ስትጮህ ሁሉም ይወጣል፣ አህዮቹ ይመጣሉ፣ ተሳስቆ ይመለሳል።

በዚያ ሐሙስ ስለ መሣሪያው የሬዲዮ ዘገባ ልሠራ ሄድኩ። አዴ ፋጡማን ምሰሶው ሥር አስቀምጬ ቃለ መጠይቅ ጀመርኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አራት ደቂቃ ሳንሄድ አህዮች አለፉና ማጉያው ከበላያችን ጮኸ። ከታች አዴ ፋጡማ ታወራለች፣ ከላይ አዴ ፋጡማ ትጮሃለች። በጆሮ ማዳመጫዬ ሁለቱም እኩል ይሰሙኝ ነበር፤ የትኛዋ በሕይወት ያለችው እንደሆነች መለየት አይቻልም ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቅጂዬ ተበላሸ።

የሣጥኑ ቁልፍ ከነበራቸው ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ከፈትኩ። ሽቦውን ነቀልኩ። ድምፁ በቃሉ መሃል ተቆረጠ። እሷ እያየችኝ ነበር። ሌላ ሰው አላየም፤ ሁሉም አሸዋውን ለቆ ዳር ወጥቶ ወደ አህዮቹ ይመለከት ነበር። ቃለ መጠይቁን ጨረስን፤ ጥሩ ቃለ መጠይቅ ነበር። እሷ ወደ ሽንኩርቷ ወረደች። ወደ ሂርና የሚሄድ ሚኒባስ ጡሩንባ ነፋ። ሣጥኑን ቆልፌ ሮጥኩ። ሽቦውን አልመለስኩም።

እዚህ ላይ ባቆም ረሳ ትለኛለህ። መርሳት ማንም ሰው ላይ ይደርሳል። የእኔ በደል ግን መርሳት አይደለም።

ሂርና ደርሼ፣ አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ቅጂውን ማዳመጥ ጀመርኩ። አራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ነገር ሰማሁና ማዳመጫውን አወለቅኩ። ምን እንደሰማሁ በመጨረሻ እጽፈዋለሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሊሆን አሥር ጉዳይ ነበር። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የአዴ ፋጡማ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። ለምን አልደወልኩም? ደውዬ «ከአሸዋው ውጪ፣ ሽቦውን ነቅዬ ሄጃለሁ» ብላት በገበያው ሁሉ ፊት እንደምትስቅብኝ አውቅ ነበር። «ጋዜጠኛው አፌን ዘግቶብኝ ሄደ!» ስትል ድምፅዋ ታወሰኝ። ያንን ሳቅ ፈራሁ። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላ የለም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሄጄ በዝምታ እመልሰዋለሁ አልኩ። ሻዬን ጨረስኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላም ጠበቅኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ስደርስ ገበያው የነበረበት ቦታ ቡናማ ውሃ ይሄድበት ነበር። ፀሐይዋ እንዳለች ናት። ሰዉ ዳር ለዳር ቆሞ ውሃውን ያያል። ሽንኩርት በውሃው ላይ እየተንከባለለ ያልፋል። አዴ ፋጡማ ሌሎቹን እየጎተተች ካስወጣች በኋላ ለሚዛኗ ስትመለስ ውሃው እንደወሰዳት አንድ ሰው ነገረኝ። ውሃው ሲቀንስ ሰዎች ዕቃ ለማንሳት መውረድ ጀመሩ። እኔ ወደ ምሰሶው ሄድኩ። ሰዉ ሁሉ ወደ ውሃው ሲያይ ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ሽቦውን ሰካሁ፣ መልሼ ቆለፍኩ። ከላይ ያለው መለኪያ አሁንም ውሃ ያስታውቅ ነበርና ማጉያው ወዲያው ጮኸ።

«ቢሻን ዱፌ! በአ! ውሃ መጣ! ውጡ!»

ሁሉም ዞረ። ልጇ፣ ሃያ ዓመት የሆናት ልጇ፣ «እማዬ!» ብላ እጆቿን ዘርግታ ወደ ምሰሶው ሮጠች። መጥታ ከምሰሶው ጋር ተጋጨች። ድምፁ አላቆመም። የወረዱት ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ጎርፍ መጣ፤ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አዴ ፋጡማን በማግስቱ ጠዋት ከታች ካለ የማንጎ እርሻ ጥግ አገኟት።

በመንደሯ እስከ ዛሬ የሚወራው ይህ ነው፦ ውሃው ከወሰዳት በኋላ ተጣርታ ሰው አዳነች። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህን ያወራሉ። እኔ እውነቱን አውቃለሁ፤ የሰካው እጅ የእኔ ነው። የነቀለውም። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያካክሳል ብዬ ለራሴ የነገርኩባቸው ቀናት ነበሩ። አያካክስም።

ከዚያ ዘገባውን ጻፍኩ። «መሣሪያው በብየዳ ጉድለት ሳቢያ ዘግይቶ ሠርቷል» አልኩ። ሣጥኑ ተቆልፎ ነበርና ሌላ የሚጠረጠር ነገር አልነበረም። ማንም አልጠየቀኝም፤ የጠያቂነቱ ሥራ የእኔ ነው። ኢፍቱ ከሣጥኑ ውስጥ የተበየደውን ሰሌዳ አውርዳ በአጉሊ መነጽር ብየዳውን አንድ በአንድ አየችው። ምንም አላገኘችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥታ «ጋሼ፣ ጉድለቱ የቱ ጋ ነው? አሳየኝና እጄን ልወቅ» አለችኝ። አንዱን ነጥብ በጣቴ አሳየኋት። ያለ ምንም ምክንያት፣ አንዱን። ራሷን ነቀነቀች። የብየዳ ካውያዋን ለባጃጅ ሹፌሩ ሰጥታ ወጣች። ዛሬ ጭሮ ገበያ ውስጥ ሻርፕ ትሸጣለች። ስታገኘኝ «ደህና ነህ ጋሼ?» ትላለች፤ በአክብሮት። ስንት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ? ስንት ጊዜስ የሻርፕ ዋጋ ጠይቄ ተመለስኩ?

ቡድኑ በኋላ ድምፁን በሌላ ሰው ድምፅ ቀይሮት ነበር። ሲጮህ ሰዉ አልተነሳም። ልጇ ራሷ የእናቴ ይመለስ አለች፤ ተመለሰ። ባለፈው ሐሙስ ሄጄ አሸዋው መሃል ቆሜ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ማጉያው ተጣራ። ሰዉ ሁሉ ዕቃውን ትቶ ወጣ። አህዮቹ መጡ፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ከአሸዋው ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ውጡ፣ ውጡ ትል ነበር፤ እኔን የምትለኝ ግን ሌላ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ይህ ጽሑፍ አንተ እጅ ከመግባቱ በፊት አንዱን ቅጂ ለኢፍቱ፣ አንዱን ለአዴ ፋጡማ ልጅ በእጄ ሰጥቻለሁ። ኢፍቱ፣ ብየዳሽ ምንም አልነበረበትም። ይቅር በሉኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ይቅር ባትሉኝም ትክክል ናችሁ።

የድምፅ ፋይሉን አልሰረዝኩትም። ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። በአራተኛው ደቂቃ ላይ ማጉያው «ውሃ መጣ! ው» ብሎ ይቋረጣል። ቀጥሎ የአዴ ፋጡማ ድምፅ ይሰማል፤ «ስትጨርስ መልሰው፣ ጋዜጠኛው። እንዳትረሳ።» ከዚያ የእኔ ድምፅ፤ «እሺ፣ አዴ።»