በባጃጇ ጀርባ ላይ የነበረው ሰውዬ

ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ የምጽፈውም እንደዚያው። እዘኑልኝ ማለቴ አይደለም። ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ያደረግሁት ነገር ያለዚህ አይገባችሁም።

ጓደኛዬ ባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጇን ሲገዛት ጀርባዋ ላይ የአንድ ፈረንጅ ፎቶ ተለጥፎባት ነበር፤ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የፈሰሰ፣ ጊታር ያነገተ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰውዬ። ከሥሩ በፈረንጅ ፊደል የሆነ ነገር ተጽፏል። ያኔ እኔም እሱም የማንንም አገር ፊደል አናውቅም። እኔ መናኸሪያ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ እጭን ነበር። እሱ ይጠጣ ነበር። ጊዜ ሲተርፈው ባጃጅ ይነዳል።

አንድ ጠዋት ቡሹሎ መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ ገልብጧት ተጠርቼ ሄድኩ። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ወላጆቿ ቤት ከገባች ሳምንቷ ነው። እሱ ጭቃው ላይ ተቀምጦ እኛ ስንለፋ ያየናል። ባጃጇን በትከሻዬ ስገፋ የፈረንጁ ፊት ከፊቴ ጋር ተጋጠመ።

«ይሄ ሰውዬ ግን ማነው?» አለኝ ጓደኛዬ፣ ሌላ ሐሳብ የሌለበት ይመስል።

«ያንተ ቢጤ ሰካራም ነበር» አልኩት በንዴት። «ኋላ ግን ማለዳ ማለዳ ቀዝቃዛ ሐይቅ ውስጥ እየገባ ተወው። እሱ ወንድ ነው።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ስለ ሰውየው የማውቀው ጸጉሩን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጓደኛዬ ነው፤ ፎጣ ይዟል።

«በል ተነሥ፣ ሐይቅ እንውረድ። ከዚያስ ሰውየው ምን ሆነ?»

እንዲህ ተጀመረ። እሱ እስከ ደረቱ ውሃው ውስጥ ይቆማል፤ እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ አወራለሁ። ሐይቁ በዚያ ሰዓት ውሃ አይመስልም፤ ጉሙ ከላዩ ሲነሣ ሰማዩ ራሱ ወርዶ የተኛ ይመስላል። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሰብስበው፣ ለሽምግልና እንደተጠሩ አዛውንቶች ቆመው ይሰሙኛል። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ከጉሙ ብቅ ብለው ተመልሰው ይጠፋሉ። በዚያ ጭጋግ ውስጥ የማይታመን ነገር የለም። ለፈረንጁ እናት ሰጠሁት፤ ተቀይማው የማታናግረው እናት። ዶሮ እንዲያረባ አደረግሁት። አንድ ቀን ሊጠጣ ሲል ጊታሩ በራሱ ጮኸ አልኩ። ጓደኛዬ ውሃው ውስጥ ሆኖ «ወይ ጉድ!» ይላል። አንዳንዴ እኔ ራሴ ሰውየው ከማዶ፣ ከኮረብቶቹ ሥር፣ ወደ ውሃው ሲገባ ያየሁት ይመስለኝ ነበር።

ጓደኛዬ መጠጥ ተወ። ሚስቱ ተመለሰች። አራት ዓመት አለፈ።

በመሐል እኔ ፊደል ቆጠርኩ። ምክንያቱ ቂም ነው። ከአገር ቤት ደብዳቤ መጥቶልኝ መናኸሪያ ለሚሠራ አንድ ትኬት ቆራጭ ሰጠሁት። አነበበና «ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል» አለኝ። ከአምስት ወር በኋላ ስሄድ የእናቴ መቃብር ላይ ሣር በቅሏል። ደብዳቤው ለካ «ታማለች፣ ቶሎ ድረስ» ነበር የሚለው። ተመልሼ ትኬት ቆራጩን አነቅሁት። «ብቻህን ስትሆን ጊዜ አሳዘንከኝ» አለ። አሳዘንከኝ! በእኔ እናት ሞት ላይ ደግ ሰው መሆን አማረው። በዚያው ሰሞን የማታ ትምህርት ገባሁ፤ ጉልበቴ የማይገባበት የልጆች ዴስክ ላይ ተቀምጬ ሀ ብዬ ጀመርኩ። ከእንግዲህ ማንም አዝኖልኝ አያነብልኝም አልኩ።

ያን እሑድ ኳስ ልናይ ነበር የተሰበሰብነው። ጨዋታው ተላለፈ ተባለ። የቤቱ ባለቤት ሰው እንዳይበተንበት «ቆይ፣ ቆይ፣ የሚገርም ነገር አለኝ» ብሎ አንድ ዘጋቢ ፊልም ከፈተ፤ ስለ አንድ ዝነኛ የሮክ ሙዚቀኛ፣ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ የሚሄድበት። ሰውየው ሲመጣ ጓደኛዬ ክርኔን ያዘ። ጸጉሩ። ጊታሩ። የተጨፈነው ዓይኑ።

«እሱ ነው» አለኝ። «የኛ ሰውዬ! በል ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

ቤቱ ጨለም ያለ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን እንደ ክር ተንጠልጥሎ አቧራ ይዋኝበታል። በዚያ መሐል፣ አራት ዓመት ሙሉ ከአፌ ያወጣሁት ሰው በራሱ እግር ሲሄድ፣ ሲስቅ፣ ሲያስነጥስ አየሁት። የነቃሁ አልመሰለኝም። ሐይቁ ዳር እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ የወሰደኝ መሰለኝ።

ሌላው ሰው ግን ነቅቶ ነው የሚያየው። ሰውየው መድረክ ላይ ጊታሩን አንሥቶ ሲከሰክሰው ከፊት የተቀመጠ አናጺ ራሱን ያዘ።

«ኧረ እንጨቱ! እንጨቱ ምን አደረገህ?»

«ጋኔን ነው» አለች ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ። «ጸሎት ነው የሚያስፈልገው።»

«ጸበል ነው እንጂ» አላት ከጎኗ ያለው።

«ሁለቱንም ተዉትና ጸጉሩን ቁረጡለት» አለ ሌላ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ብቻ አልሳቀችም። ዘንቢሏን ታቅፋ ቆማ በየደቂቃው «እናቱስ? እናት የለውም እንዴ?» ትላለች።

እኔ አነባለሁ። እየተንገዳገድኩ፣ ግን እንደተጻፈው። አንዱን መስመር ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ጓደኛዬ ጆሮውን ወደ አፌ አስጠግቶ ይሰማል።

«ዶሮዎቹስ?» ይለኛል ቀስ ብሎ። «ሐይቁስ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ይመጣል» እላለሁ።

ከዚያ የፊልሙ ሙዚቃ ቀዘቀዘ። የሙዚቀኛው የድሮ ጓደኛ፣ አሁን ያረጀ ሰው፣ እንባውን እየጠረገ ሲናገር ከሥሩ ጽሑፍ መጣ፦ በመጨረሻዎቹ ወራት ጠርሙሱን ከእጁ ልናስጥለው አልቻልንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ንባብ አልከበደኝም። ምነው በከበደኝ። የጓደኛዬ እጅ ክርኔ ላይ ነው።

«በመጨረሻዎቹ ወራት» አልኩ፣ «ከውሃው አልተለየም።»

«ምን?» አለ አናጺው ዞሮ።

«እንደዛ አይልም፣ ፋዘር!» ብሎ ጮኸ አንድ ጎረምሳ። «ጠርሙስ ነው የሚለው፣ ጠርሙስ!»

«መነጽር ግዙለት!» አለ ሌላው።

ቀጣዩ ጽሑፍ ሲመጣ ጎረምሳው ቀደመኝ። ጥርት አድርጎ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው፣ «ጠጥቶ በተኛበት ሞቶ ተገኘ፤ ሠላሳ ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር» አለ።

ቆሎ ሻጯ «እኔ ብያለሁ፣ እናት የለውም» አለችና ወደ ውጭ ዞረች።

ጓደኛዬ እጁን ከክርኔ ላይ አነሣ። ዞሬ ላየው አልደፈርኩም። እኔ ራሴ እንደዚያ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ነበር። ያውም ያነቅሁት ሰውዬ አንዴ ነው የዋሸው።

ተነሥቶ ወጣ። ተከተልኩት። ባጃጇን አልነካትም፤ በእግሩ በጉዱማሌ መናፈሻ በኩል ሄደ። የዛፎቹ ጥላ አስፋልቱ ላይ እንደ ውሃ ይወዛወዛል። መኪናው፣ ሰዉ፣ የሻይ ቤቱ ሬዲዮ፣ ሁሉም ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ። ድሮ ይጠጣበት የነበረው አረቄ ቤት በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሁሉንም ከሆድህ ነው ያወጣኸው?» አለኝ።

«ሁሉንም።»

«እናቱንም?»

«እናቱንም።»

«የጮኸውን ጊታር?»

«አልኩህ እኮ። ስሙን እንኳን አላውቀውም ነበር።»

«አንተ ውሻ» አለኝና ገባ።

አልያዝኩትም። ብይዘው ሌላ ተረት ልጨምርለት ነው፤ ተረት አልቆብኛል። ከማዶ የግንብ አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣል። ሚስቱ እንደ ያኔው ልጇን አዝላ ከቤት ስትወጣ በሐሳቤ ታየችኝ፤ ደግሞ ስትመለስ፤ ደግሞ ስትወጣ። የበሩ መጋረጃ ነፋስ እየሞላው ይነፋና ይረግባል፤ በተነፋ ቁጥር ከውስጥ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። የአረቄ ቤቱ ጥላ ከእግሬ ተነሥቶ ደረቴ ላይ ደርሶ ነበር።

ወጣ። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እሱ ግን ድሮም ሲጀምር ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው።

«ልጅ እኮ ነው» አለኝ ፊቴ ቆሞ። «አየኸው አይደል? የመጨረሻ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል። እኔ ትልቅ ሰው መስሎኝ እንደ አባት ስከተለው! ይሄን ልጅ ተው የሚለው ሰው አልነበረም? እኔ ባገኘው ኖሮ በጥፊ ነበር የምለው።»

«ጠጣህ ወይ?» አልኩት። ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም።

«ቀድተውልኛል። እዛው ጠረጴዛው ላይ አለ።»

«አላምንህም።»

አልተቆጣም። መንገደኛው እያየን ወደኔ ጎንበስ አለና ጥርስ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው አፉን ከፈተ። አሸተትኩት። የምሳው ሽንኩርት ብቻ ነበር የሚሸተው።