እሬት ለሙሽራ

ሥራዬን የጀመርኩት የሞተ ተክል በባጃጅ ጭኜ ነው። ያኔ ነቀምቴ ውስጥ ስልክ እጠግን ነበር። አንድ ሆቴል ለአስተናጋጆቹ የጠገንኩትን ስልክ ላስረክብ ሄጄ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ የተጣለ ማሰሮ አየሁ። ውስጡ ለመግቢያው ጌጥ ተብሎ ከአዲስ አበባ የመጣ ተክል ነበር፤ ወፍራም ቅጠሎቹ እንደ ጽጌረዳ ተደራርበው የበቀሉ። ልውሰደው ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ እኛ ዘንድ ሞቷል፣ አንተ ዘንድ ከተነሣ ያንተ ነው ተባልኩ። ባለባጃጁ ማሰሮውን ገልመጥ አድርጎ፣ «ሬሳ ስጭን በእጥፍ ነው የማስከፍለው» አለኝ።

ተክሉ የሞተው በውሃ ነው። ግንዱ ከሥር ጠቁሮ ላልቷል፤ አናቱ ግን ጤነኛ ነበር። ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩና ምላጭ በአልኮል ጠርጌ ከጠቆረው በላይ ቆረጥኩት። የተቆረጠው ፊት ላይ ቡናማ ነጥብ ካለ ገና ነው፤ ጥርት ብሎ ነጭ እስኪሆን ድረስ ስስ ስስ እያደረጉ መቁረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ ተክል ቁስሉ ደርቆ እንደ ቡሽ ሳይጠነክር አፈር ከነካ ይበሰብሳል።

አፈሩን ለማወቅ ብዙ ተክል ገድያለሁ። የእኛ ቀይ አፈር ለበቆሎ ወርቅ ነው፤ ውሃ ስለሚይዝ ግን ለእነዚህ አይሆንም። ለግንባታ ከሚመጣው የወንዝ አሸዋ በወንፊት ነፍቼ ደቃቁን ጣልኩ፤ ሻካራውን አጥቤ አስቀረሁ። በጣት ጥፍር ልክ የተሰባበረ ከሰል ጨመርኩ። ቀይ አፈሩ ከሁሉም ያነሰ ነው። ጀሪካን በግማሽ ቆርጬ ከሥሩ በጋለ ምስማር በሳሳሁት። የማያፈስ ዕቃ ውስጥ ምንም አልተክልም።

ቅጠልም ይራባል። ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ነው፤ ከነመሠረቱ ቷ ብሎ ይለቃል። መሠረቱ ግንዱ ላይ ከቀረ ቅጠሉ አይበቅልም፣ መጨረሻው መጠውለግ ነው። በደህና የለቀቀው አሸዋ ላይ ተጋድሞ ሲከርም መጀመሪያ ሮዝ ሥር፣ ከዚያ የምስር ፍሬ የምታክል ተክል ያወጣል። ያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት የስልክ ጥገናው እንዳበቃለት ገባኝ።

ከሆቴሉ በመጣው በዚያ ማሰሮ ውስጥ ያልጠራኋት እንግዳም ነበረች። የቅጠሏ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ በየጥርሱ መሃል ሥሯን ያንጠለጠለች ትንሽ ተክል ትቀመጣለች። እነዚያ ትንንሾች ሲነኳቸው ይረግፋሉ፤ የረገፉበት ይበቅላሉ። በሲሚንቶ ስንጥቅ፣ በጣሪያ አሸንዳ፣ አንድ ጊዜ በጫማዬ ውስጥ በቅላ አግኝቻታለሁ። አረም ብዬ ጠዋት ጠዋት እነቅላት ነበር።

የምኖረው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አዴ ጫልቱ ግቢ ተከራይቼ ነው። አዴ ጫልቱ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ግቢውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስተናግዳሉ። ስሜን ያውቁታል፤ የሚጠሩኝ ግን «ጉርባ» እያሉ ነው፣ አንተ ልጅ እንደማለት። ከክፍሌ ጎን ያለውን በረንዳ እንድሠራበት ፈቀዱልኝ። ጣሪያው ላይ ግልጽ ቆርቆሮ ስላለው ብርሃን ይገባል፤ ዝናብ አይገባም። የነቀምቴን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ክረምት ኑኑ ቁምባ ወረዳ ለምትኖር አንዲት አስተማሪ ደንበኛዬ ችግኝ ላደርስ ሄድኩና መንገዱ በጭቃ ተይዞ ቆየሁ። ስመለስ አዴ ጫልቱ በር ላይ ተቀበሉኝ። «አሻማ ጉርባ! ልጆችህን በጥም ልትፈጃቸው ነበር። ጠዋትም ማታም አጠጣሁልህ» አሉኝ። ጽጌረዳ መሳዮቹ በሙሉ እንደ መስታወት ብርሃን አሳልፈው፣ ስነካቸው እንደ በሰለ ፓፓያ ይፈርሱ ነበር። «ገለቶማ» ብዬ አመሰገንኳቸው። ለተጠማ ውሃ የሰጠ ሰው በእኛ አገር አይወቀስም።

የተረፉት ተክሎቹን ከምደረድርበት አግዳሚ ሥር ያሉት ብቻ ናቸው። ነጭ ነጠብጣብ ያላቸው፣ ቡጢ የማያክሉ፣ ከጎናቸው ልጅ የሚያወጡ ትንንሽ ተክሎች ናቸው፤ የእሬት ዘመድ። ለምን እነሱን እንዳላጠጧቸው ስጠይቅ አዴ ጫልቱ ትከሻቸውን ሰበቁ። እሬትን በኦሮምኛ ሀርጊሳ ነው የሚሉት። «ሀርጊሳ ምን ውሃ ያስፈልገዋል?» አሉ። ያን ቀን ይህን አባባል ማሰብ ነበረብኝ፤ እኔ ግን የተረፉትን በመለየት ተጠምጄ ነበር።

በዚያው ዓመት የአዴ ጫልቱ ልጅ ለሊሴ ልታገባ ሆነ። ለሊሴ ነርስ ናት፤ ሙሽራው ዮናስ ቤተሰቡ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የከተመ አስተማሪ ነው። በየጠረጴዛው መሃል በወረቀት አበባ ፋንታ ትንሽ ተክል እንዲቀመጥ ስልኳ ላይ አይታ ፈለገች። አዴ ጫልቱ በዚያ ሰሞን በረንዳውን በግንብ ዘግተው ሱቅ አድርገው ለማከራየት ግንበኛ አነጋግረው ነበር። ነገሩን በአንድ ላይ ቋጠሩት። ሰርጉን ካሳመርክልኝ በረንዳው ያንተ ነው፣ ካላሳመርክ ግንበኛው ከሰርጉ ማግስት ይመጣል አሉኝ። ክፍሌ አንዲት መስኮት ብቻ ነው ያላት። በረንዳው ከሄደ ሥራው አብሮ ይሄዳል።

በእጄ በብዛት ያሉት እነዚያ ባለነጠብጣብ ተክሎች ነበሩ። ጥላ ይችላሉ፣ ውሃ ቢቀርባቸው ግድ የላቸውም፣ ልጃቸው ከነሥሩ ይለያል። ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሄጄ ከሥራቸው የተበሱ ትንንሽ ኩባያዎች አዘዝኩ። ሴትየዋ፣ የሚያፈስ ዕቃ ሥሪልኝ የሚል ሰው ገና አሁን አየሁ ብላ ሳቀችብኝ። ተከልኳቸው። በላያቸው ነጭ ጠጠር አለበስኳቸው። እስካሁንም ከሠራሁት ሁሉ ጽዱው እሱ ነው።

የሙሽራው ወገን ስለ ሰርጉ ሊነጋገር ሲመጣ አዴ ጫልቱ ትሪ ሙሉ ኩባያ እንዳቀርብ ጠሩኝ። ከእንግዶቹ መሃል የዮናስ አያት እማማ ወርቅነሽ ነበሩ። አንዱን ኩባያ አንሥተው አገላበጡና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ጌጥ ነው ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ለተጠየቅኩት በትክክል የመመለስ ልማድ አለብኝ።

«የእሬት ዘመድ ነው፣ እማማ።»

«የምን?»

«የእሬት። ግን ራሱ እሬት አይደለም፣ ዘመዱ ነው።»

«የእሬት ዘመድ ያው እሬት ነው» አሉና ኩባያውን ትሪው ላይ መለሱት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «ምነው? ሳይፀነስ ጡት ልታስጥሉብኝ ነው?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኛ ዘንድ እናት ልጇን ጡት የምታስጥለው እሬት ቀብታ ነው፤ ሕፃኑ አንዴ ከቀመሰው ሁለተኛ አይመለስም። ለሊሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንፈቀፈቃለች። አዴ ጫልቱም ሳቁ፤ ከዚያ ትሪውን ድንገት እንዳየ ሰው ሳቃቸውን አቆሙና «ሀርጊሳ» አሉ በለሆሳስ። አማቾቹ ሲሄዱ አዴ ጫልቱ በር ላይ ያዙኝ። «ሙሽራ ባለችበት ጠረጴዛ እሬት ላስቀምጥ? ሌላ አምጣ ጉርባ። አለዚያ ግንበኛውን ታውቀዋለህ።»

ሌላ አልነበረኝም። ጽጌረዳ መሳዮቹን ከቅጠል ብጀምር ኩባያ የሚሞሉት በጋው ሲያልቅ ነው፤ ሰርጉ ደግሞ ደርሷል። በማግሥቱ ጠዋት እያሰላሰልኩ እንደ ልማዴ አረሜን መንቀል ጀመርኩ። ለሊሴ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ቆመች። ከጣልኩት ክምር አንድ ቅጠል አንሥታ ጠርዙን በጣቷ ተከትላ አየች።

«ይህን ሁሉ ልጅ ለምን ትጥለዋለህ?» አለችኝ።

እጄን የሞላውን መልሼ አየሁ። ለሁለት ዓመት ስነቅላት የጠርዟን ጥርስ አይቻለሁ፣ ሥሯን አይቻለሁ፤ ልጅ የሚለውን ቃል ግን ለእሷ ሰጥቼ አላውቅም።

ነቀላውን ትቼ ለቀማ ጀመርኩ። ከስንጥቁም ከአሸንዳውም ስንዝር ያህል የሆኑትን፣ ጠርዛቸው የሞላውን መረጥኩ። ነጠብጣቦቹን ከኩባያቸው አውጥቼ እነሱን ተከልኩ። ከተከሉ በኋላ ቦታቸውን አለመቀያየር ነው፤ በተነሡ ቁጥር ልጆቻቸውን ያራግፋሉ።

አንዷን ግን ማንሣት ግድ ነበር። ያለ እማማ ወርቅነሽ ቃል አዴ ጫልቱ ጠረጴዛ ላይ እንደማያስቀምጧት አውቃለሁ። ኩባያዋን ጭኔ ላይ አድርጌ ባጃጅ ያዝኩ። ያው የድሮው ባለባጃጅ ነበር።

«ዛሬስ ሬሳ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ አራስ ናት። ቀስ ብለህ ንዳ።»

ቀስ ብሎ ነዳ። ኮብልስቶኑ ላይ ግን አንዳንዶቹ መርገፋቸው አልቀረም። ከወራት በኋላ ከወንበሩ ሥር አንዲት እንደበቀለችበት ነግሮኛል፤ አልነቀላትም።

እማማ ወርቅነሽ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ኩባያዋን አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ምንድን ነው ሲሉኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

«እርስዎ ምን ይሉታል?» አልኳቸው።

ቅጠሉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «የዱሩን እንዳሁላ ይመስላል። እንዳሁላ ግን እንዲህ…» ሲሉ አንዲት ልጅ መዳፋቸው ላይ ጠብ አለች። ነጭ ሥሯን አዩ። በሌላ እጃቸው ቅጠሉን መልሰው አዩ፤ ጠርዙ ዙሪያውን ሙሉ ነው። «ይህን ሁሉ አዝላ ነው እንዴ የምትኖረው? ይቺማ ወላድ ናት። ወላድ በድባብ ትሂድ!»

ተገላገልኩ። ያም ሆኖ ሳልነግራቸው ቀርቼ በኋላ እንዳያዝኑብኝ፣ ከብት ከበላት እንደምትጎዳው ነገርኳቸው። እማማ ወርቅነሽ የወደቀችውን ልጅ በመቀነታቸው ጫፍ እየቋጠሩ፣ «ላም ለሰርግ አልጠራንም» አሉኝ።

በሰርጉ ቀን ወላድ በየጠረጴዛው ተቀመጠች። ድምፅ ማጉያ የያዘውን ሰውዬ ተክሏን ወደ ቤት የሚወስድ ሁሉ ከብት ከሚደርስበት እንዲያርቃት በሁለቱም ቋንቋ እንዲናገር ለመንኩት። እሱ፣ «የሙሽራዋን ልጆች ለላም አትስጡ» ብሎ አወጀ። ከጉቶ ጊዳ የመጡ አንድ ገበሬ ደንግጠው፣ ታዲያ ለምን ሰጠኸኝ ብለው ፈለጉኝ። መስኮት ላይ ከፍ አድርገው እንዲያስቀምጧት አስረዳኋቸው። ሁለት ይዘው ሄዱ።

ግንበኛው በማግስቱ መጣ። አዴ ጫልቱ ግድግዳውን አስቀርተው ለተክሎቹ በደረጃ የተሠራ የሲሚንቶ መደርደሪያ አሠሩት። ውሃ እንዳይቆምበት ወደ ፊት ዘመም ይበል ብዬ እስኪሰለቸው ድረስ አጠገቡ ቆምኩ። አዴ ጫልቱ አሁን ሳይጠይቁ አያጠጡም። ጠዋት ጠዋት ጆግ ይዘው ይመጡና፣ «ዛሬስ?» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ አይ እላለሁ። ቅር እያላቸው ይመለሳሉ።

የለሊሴ ልጅ ጥርስ አውጥቶ መራመድ ሲጀምር እናቱ አንድ ቀን ይዛው መጣች። ልታስጥለው ነው። ያ የሰርጌ እሬት አለህ ወይ አለችኝ። ከአግዳሚው ሥር ብዙ ነበር። ከመስጠቴ በፊት ከአንዱ ቅጠል በምላጭ ቀንጥቤ ምላሴ ላይ አደረግኩ። ውሃ ውሃ አለኝ። ሌላ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

«ይሄ አይመርም» አልኳት። «የሚመረው አጥር ሥር ያለው ትልቁ እሬት ነው።»

ለሊሴ ልጁን ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው አዛውራ እስኪበቃት ሳቀች። ያኔ እማማ ፊት ቀምሰኸው ቢሆንስ ኖሮ አለችኝ። ቢሆን ኖሮም ለውጥ አይኖርም ነበር፤ የእሬት ዘመድ ያው እሬት ነው። ከአጥሩ ሥር ከትልቁ ቆርጬ ሰጠኋት።

ዛሬ ነቀምቴ ውስጥ ያቺን ተክል የሚፈልግ ሰው «ወላድ አለህ?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እኔም ለአዲስ ደንበኛ ተክል ሳሳይ፣ ስለ አፈሩና ስለ ውሃው ከማስረዳቴ በፊት እሱ ቤት ምን እንደሚባል እጠይቃለሁ። ተክል ሰው ቤት የሚገባው በስሙ ነው።