ለሰላዩ የተሳሉት ጧፍ

ከባለቤቴ ጋር ያደረግነው የመጨረሻው ተራ ነገር መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ብርቱካን መብላት ነበር። ቅዳሜ ነው። ከምንኖርበት ከኦሮራ ተነስተን ሎውሪ ሄድን፣ እግራችንን አፍታታን፣ ከዚያ ፀሐይዋ በመስታወቱ እንድትገባ አድርጎ ፓርክ አደረገ። ሎውሪ ድሮ የፈረንጆቹ አየር ኃይል ሰፈር ስለነበር እዚያ በሄድን ቁጥር የሚላት ነገር አለችው።

"እዚህ ስንት ሰላይ ተመላልሶበት ይሆን?" አለ፣ ልጣጩን በሶፍት እየጠቀለለ። ቀጥሎ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ። "ልንገርሽ?"

"እንዳትነግረኝ።"

"እኔ ስሞት ማንን ትጠይቂያለሽ?"

"አንተን ምን ይገድልሃል" አልኩት። ሳምንቱ ሳያልቅ ልቡ ቆመ።

ሊነግረኝ የፈለገው የአንድ የስለላ ልብ ወለድ መጨረሻ ነው። ለምን እንዳልሰማሁት ለመጻፍ ወደታሰርኩበት ክፍል መመለስ አለብኝ።

የተያዝኩት በተጋባን በጥቂት ወራችን ነው። ከሥራ ቦታዬ "ለአጭር ጥያቄ" ብለው ሲወስዱኝ ጃኬቴ ወንበሬ ላይ ቀረ። የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ የትናንት ወጥ። መስኮቱ ከራስ በላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ምንጣፍ የምታህል ፀሐይ ሲሚንቶው ላይ ታርፍና ቀስ እያለች ወደ ግድግዳው ትሄዳለች። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። በምን መጣሽ ያለኝ አልነበረም።

ከመያዜ በፊት እኔና ባለቤቴ ወደ አማርኛ የተተረጎመ የስለላ መጽሐፍ እየተቀባበልን እናነብ ነበር። እሱ ጨርሶታል፤ እኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ። እስር ቤት ሙሉ መጽሐፍ ከተላከ ለምርመራ ተብሎ ቢሮ ይገባል፣ ከገባ አይወጣም። ስለዚህ የገጽ ጫፍ ሲታጠፍ እንኳ የሚቆጣው ሰው ምላጭ አንስቶ መጽሐፉን ቆራረጠው። በየጠያቂ ቀኑ ከምሳ ዕቃው ጋር ጥቂት ገጾች ይልካል። በር ላይ ስንቅ የምትፈትሸው ፖሊስ መጀመሪያ ቀን ቆማ አንዱን ገጽ እስከ ታች አነበበች አለኝ። "ቀጣዩን መቼ ነው የምታመጣው?" ብላ አስገባችው።

ፀሐይዋ ያረፈችበት ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር። ከሁሉም በላይ የሚሰሙት እትዬ የምንላቸው የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ በእሱ ፈንታ የታሰሩ ሴት ነበሩ። ሰላዩ ድንበር ላይ ሊያዝ ሲል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ገጹ አልቆ ሳጣጥፈው እንዲህ አሉ፦

"ይህ ሰው ከተረፈ ለገብርኤል ጧፍ ተስያለሁ።"

"እትዬ፣ ወረቀት ላይ ያለ ሰው እኮ ነው" አለች ከጎናቸው የምትተኛው ተማሪ።

"እኛስ? እኛም እኮ መርማሪው ጋ ወረቀት ላይ ነው ያለነው።"

ስለ ልጃቸው የተሳሉት እንዳለ አንድም ቀን አልነገሩንም።

ሰላዩ የተያዘ ዕለት ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መርማሪው ወንበር ሳበለት፣ ሲጋራም ለኮሰለት ብዬ አነበብኩ። ተማሪዋ በዚያ ሰሞን ከምርመራ ተመልሳ በእግሯ ጠርዝ ነበር የምትራመደው። ከተኛችበት ቀና አለች።

"ወንበር አልሽ?"

"ወንበር ይላል።"

"እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩት። መሳቅ ጀመረች፤ ሁላችንም ተከተልናት። ዘቧ መጥታ በሩን እስክትደበድብ ድረስ ሳቅን።

"ይህን የጻፈው ሰው ታስሮ አያውቅም" አሉ እትዬ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። "እግዜር አያሳስረው።"

መጽሐፉ ሊያልቅ ጥቂት ገጾች ሲቀሩ ባለቤቴ መላክ አቆመ። በጠያቂ ቀን ከአጥሩ ማዶ "የቀረውን ቤትሽ መጥተሽ ታነቢዋለሽ" ብሎ ጮኸ። ለእኔ ፍቅር ነበር። ክፍሉ ግን ተቀየመው።

"ሙሉ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ" የተባልኩ ቀን እትዬ አንገቴ ላይ ያለውን ሻርፕ አስተካከሉልኝ። "ያ ሰውዬ ምን እንደሆነ ላኪልን" አሉኝ። "ባልሽን ደግሞ ጨካኝ ነህ በይልኝ።"

ቤት ገብቼ፣ ታጥቤ ስወጣ የመጨረሻዎቹ ገጾች ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ተጭኖባቸው ጠበቁኝ።

"በይ እንግዲህ" አለኝ።

"እነሱ ይቅደሙ።"

"አንብቢውና እንልክላቸዋለን። ማን ያውቃል?"

ማንም አያውቅም ነበር። ግን ባነበው እነሱን ጥዬ ሁለተኛ የወጣሁ መሰለኝ። በጠያቂ ቀን ገጾቹን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ፈታሿ ለየችኝ።

"አንብበሽዋል?"

"አላነበብኩትም። ሲወጡ ይነግሩኛል።"

ሁልጊዜ ቀድማ የምታነብ ሴት ገጾቹን ሳትገልጥ ከምሳ ዕቃው ጋር ወደ ውስጥ ሰጠች።

ከዚያ ሴቶቹን ወደተለያየ ቦታ በታተኗቸው፤ እኛም አገር ለቀን ወጣን። እትዬ ይውጡ አይውጡ፣ ልጃቸውን ያግኙ አያግኙ አልሰማሁም። ባለቤቴ "ልንገርሽ?" ባለኝ ቁጥር "እነሱ ናቸው የሚነግሩኝ" እለው ነበር። እንደዚያ እስካልኩ ድረስ እነሱም አሉ፣ ሰላዩም አለ።

ከቀብሩ በኋላ ይህን ሁሉ እዚህ ለተወለደችው ልጃችን ነገርኳት። ስልኳን አወጣች።

"ማም፣ ኢዚ ነው። ርዕሱን ንገሪኝ፣ ሰርች አደርገዋለሁ።"

"ተይው።"

"ዶንት ዩ ዋና ኖው?"

"ማወቅማ እፈልጋለሁ። ከስልክ ግን አይደለም።"

በገብርኤል ቀን ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ሁለት ጧፍ ሳነሳ አየችኝ።

"አንዱ ለዳዲ ነው። ሌላውስ?"

"ለአንድ ሰላይ።"

ሳቀች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ጧፉን ከእጄ ወስዳ ራሷ ለኮሰችው።

እትዬ የተሳሉት ከተረፈ ነበር። መትረፉን አላውቅም። በወር በወሩ፣ በአሥራ ዘጠኝ፣ ሁለት ጧፍ አበራለሁ።