ሃያ አራት የሽንት ጨርቅ

ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጎንደር ከተማ፣ ታናሽ ወንድሜ ተከራይቶ በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ለሚስቱ ያዘጋጀሁትን ስጦታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ሰዓቱን በትክክል የማስታውሰው የደም ግፊቷ መድኃኒት በስምንት ሰዓት የሚዋጥ ስለ ነበረና ሩብ ሰዓት ማሳለፏን እኔው ስለ ነገርኋት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቷታል።

ስጦታው ሃያ አራት የሽንት ጨርቅ ነበር። ለማዘጋጀት ስድስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ዳይፐር መግዛት አላቃተኝም፤ ሆኖም መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከሱቅ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ መሆኑን ባለፉት ዓመታት ደጋግሜ አይቻለሁ። አዲስ አቡጀዲ ደግሞ ደጋግሞ ካልተቀቀለ ውኃ አይመጥም፤ የሕፃን ገላም ይፍቃል። ስለዚህ ከእናቴ ሳጥን ሁለት አሮጌ ጋቢ አወጣሁ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ስፌቱን ፈትቼ ሁለት ሁለት ድርብ አደረግሁት። ትከሻ ላይ የሳሳውን ትቼ፣ የቀረውን በሜትር እየለካሁ በስድሳ በስድሳ ሳንቲ ሜትር ቆረጥሁ። ጠርዙን በስፌት መኪና ዙሪያውን ሰፋሁ፣ ሁለት ጊዜ ቀቀልሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። የመጨረሻው እጥበት ልጁ በሚያድርበት ቤት፣ ሳሙና በሌለው ንጹሕ ውኃ እንዲሆን ተውሁት።

ከጨርቁ ጋር አንድ ሰፊ ሳፋ፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ስምንት መርፌ ቁልፍ፣ ከላይ የሚጠለቅ አራት የፕላስቲክ ሽፋን፣ ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ገመድና መቆንጠጫ ነበረበት። ከሁሉም በላይ አንድ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት አኑሬበታለሁ፤ አሥራ አንድ ተራ ቁጥር ያለው መመሪያ። የቆሸሸው መቼ እንደሚዘፈዘፍ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚቀቀል፣ ዝናብ ሲሆን የት እንደሚሰጣ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ። በዚያ ወረቀት ኮርቼ ነበር።

ወንድሜ ከሶፋው ሳይነሣ አንዱን ጨርቅ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ዘረጋው። መምህር ነው፤ ሥነ ዜጋ ያስተምራል። ሰው ማሳቅ ያውቃል።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ነጭ ጨርቅ በረንዳ ላይ ሲሰቀል ሰፈሩ ምን ይላል? እጅ ሰጡ ነው የሚለን!»

ሚስቱ ፈገግ አለች። እኔም ልስቅ ነበር። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ዓይኔ ከበሩ ጎን በተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች ላይ ዐረፈ። አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም እስከ አፋቸው ሙሉ። በዚያ ሰፈር ውኃ በፈረቃ በሳምንት ለሁለት ሦስት ቀን ብቻ ይመጣል፤ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ የመድረስ አቅም የለውም። ሰው ከግቢው ቦኖ ቀድቶ በደረጃ ይሸከማል።

«ይህን ውኃ ማን አወጣው?» አልሁ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ሚስቱ። «ትናንት ነው የመጣው። አልከበደኝም፤ በትንሿ ጀሪካን እያመላለስሁ እነዚህን ሞላኋቸው።»

ወንድሜን አየሁት። «ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበረብኝ» አለ። አልጠየቅሁትም ነበር።

እሷ ይህን ጊዜ ወረቀቱን አንሥታ ታነብባለች። ከድብ ባሕር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ እዚህ ከተማ ተምራ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። የምታነበውን ነገር አትዘልልም። እስከ አሥራ አንደኛው ቁጥር ድረስ በጣቷ እየተከተለች ጨረሰችና ወረቀቱን አጥፋ ጨርቆቹ ላይ መለሰችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ። እጅዎን ይባርከው። ይዤው እሄዳለሁ።»

«ወዴት ነው የምትሄጅው?»

«ሰኞ ድብ ባሕር ልሄድ ነው። እናቴ ዘንድ።»

ንዴት ከእግሬ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሆስፒታል አብሬያት የገባሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ግፊቷ ከፍ ማለቱን፣ በየሳምንቱ መለካት እንዳለባት፣ እስክትወልድ ከሆስፒታል መራቅ እንደሌለባት ፊት ለፊቴ ነግሯታል። ድብ ባሕር ደግሞ በደባርቅ መንገድ ነው፤ ያ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋ ነው። ምጥ ከመጣ፣ ግፊቱም ከተነሣ፣ በዚያ መንገድ ማን ያመጣታል?

«ማን ፈቀደላት?» ብዬ ወደ ወንድሜ ዞርሁ።

«እትዬ ደግሞ! የመጀመሪያ ልጅ እኮ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ወጉ ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ወጉን አውቀዋለሁ። ልጅቱ ለመጀመሪያ ወሊድ ወደ እናቷ ትመለሳለች፤ እናቷ ታርሳታለች፣ ማለት ገንፎ እያበላች፣ ገላዋን እያጠበች፣ ልጁን እየያዘች እስክትጠና ትንከባከባታለች። መልካም ወግ ነው። ነገር ግን ወንድሜ ስለ ወግ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሠርጉን በሁለት ሰዓት ያስጨረሰ ሰው ነው።

የሕክምና ካርዷን ከቦርሳዋ እንድታወጣ ጠየቅኋትና ለእሱ ሰጠሁት። «አንብበው» አልሁ። «ጮክ ብለህ።»

አነበበ። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። ካርዱን ከዚያ ቀን በፊት አላነበበውም ነበር።

«ይህን ያህል ነው እንዴ?» አላት።

«ነግሬህ ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የእኔን ቁጣ ያባሰውም ይህ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ዓይኗን ጨርቆቹ ላይ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«እትዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ረስቼ አይደለም። እናቴ ቤት ወንዝ አለ፤ እህቶቼ አሉ። እዚህ ወልጄ ስተኛ ማን ውኃ ያወጣልኛል? ማን ያጥብልኛል? ወረቀቱን አየሁት። አሥራ አንዱንም የማደርገው እኔ ነኝ።»

ስድስት ሳምንት ሙሉ የጨርቁን ስፋት፣ የሳሙናውን ዓይነት፣ የመርፌ ቁልፉን ቁጥር አስቤአለሁ። ውኃ በሌለበት አራተኛ ፎቅ ላይ በየቀኑ የሚዘፈዘፈውን ክምር ማን እንደሚያጥበው ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም። ለአራስ ሴት ስጦታ ብዬ የወሰድሁት ሥራ ነበር፤ በጥንቃቄ ታጥፎ፣ በገመድ የታሰረ ሥራ።

«አንተ ታጥባለህ» አልሁት ወንድሜን።

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። «እኔ? የሽንት ጨርቅ? ተይ እንጂ እትዬ! ተማሪዎቼ ቢያዩኝስ?»

«ተማሪዎችህን የፆታ እኩልነት ምዕራፍ ላይ ምን ትላቸዋለህ?»

«እሱ ለፈተና ነው» አለ። ከዚያም ሳቁን ሳይጨርስ፣ ክፋት ሳያስብበት፣ «ደግሞስ አንቺ መቼ ሳህን አስነክተሽኝ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጨመረ።

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

እሱ የተወለደ ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናታችን ከወሊዱ በኋላ ለብዙ ወራት ታመመች፤ የእሱን የሽንት ጨርቅ ቀሃ ወንዝ ወርጄ የማጥበው እኔ ነበርሁ። በክረምት ውኃው ይደፈርሳል፤ በጥቅምት ደግሞ አጥንት ይሰብራል። የጣቶቼ መገጣጠሚያ ተሰንጥቆ፣ ሳሙና ሲገባበት እያለቀስሁ አጥብ ነበር። ከትምህርት ቤት የቀረሁባቸውን ቀኖች እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ለዚያ ማንም አመስግኖኝ አያውቅም፤ እኔም ምስጋና አልጠበቅሁም፤ ሴት ልጅ ነበርሁ።

ከዚያ በላይ የሚያናድደኝ ሌላ ትዝታ አለ። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ቀን ከራት በኋላ የበላበትን ሳህን ይዞ ወደ ማጠቢያው ሄደ። ማንም አላዘዘውም። እኔ ከእጁ ነጠቅሁት። «ተው! ሴት ነህ እንዴ?» አልሁት። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ ዕረፍት መጥቼ ነው። ልጁ ፊቱ ቀልቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ሳህን አንሥቶ አያውቅም። አሁን ሶፋው ላይ ያየሁት ሰው ያን ቀን ከእጁ ሳህን የነጠቅሁት ልጅ ነው። ስለዚህ ያን ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ በማን ላይ ይበልጥ እንደተቆጣሁ መለየት አልቻልሁም።

ማታ ድብ ባሕር ወደምትኖረው ወደ ወንድሜ ሚስት እናት ደወልሁ። ካርዱ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ነገርኋት።

«ምነው እሜቴ፣ ይኸን ማን ነገረኝ?» አለች። «እኔስ ወጉን ብዬ ነው ነይ ያልኋት። መንገዱም ቢሆን ሸጋ አይደለም። እኔ ረቡዕ እህሉን አስገብቼ እመጣና አርሳታለሁ። ግን እሜቴ፣ ጉልበቴ አርጅቷል፤ ያ ደረጃ ውኃ ያሸክመኛል? ሌላ ሰው አለ?»

«አለ» አልኋት። እንዳለ እርግጠኛ አልነበርሁም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነጠላዬን እንደለበስሁ ተመልሼ ሄድሁ። ለወንድሜ የምነግረውን በልቤ አሰናድቼ ነበር፤ ጨዋ ቃል አልነበረበትም። ግቢው ስገባ ቦኖው ጋ ሰልፍ አለ። ከሴቶቹ መካከል ወንድሜ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። ከአጠገቡ፣ መሬት ላይ፣ የእኔ ሳፋ። ጨርቆቹ ውስጡ ናቸው። ወዶ ሳይሆን ካርዱ ላይ ያነበበው አሸንፎት እንደወረደ ፊቱ ይናገራል።

አንዲት የምድር ቤት ጎረቤት በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ፣ «መምህር! ምነው ዛሬ? ሚስትህ ወለደች እንዴ?» አለችው።

«ገና ናት!»

«ታዲያ ምን ታጥባለህ?»

«ልምምድ ነው!» አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሱ ግን እንደ ወትሮው አብሮ አልሳቀም፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ወረፋው ደርሶት ጀሪካኖቹንም ሳፋውንም ሞላና ማጠብ ጀመረ። አያውቅበትም። ጨርቁን አያሽም፤ እንደ ቡችላ በጆሮው ይዞ ውኃ ውስጥ ያመላልሰዋል። ሲጨምቅ ግማሹን ውኃ ጫማው ላይ ያፈስሳል። ሲያየኝ፣

«እትዬ፣ ነይ እስቲ አሳዪኝ። አንድ ጊዜ ብቻ» አለ።

እጄ ሊሄድ ነበር። ሰውነቴ የማጠቢያን እንቅስቃሴ ያውቀዋል፤ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ተነሣ። ደረጃው ላይ ተቀመጥሁና ሁለቱንም እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ።

«ወረቀቱ ላይ አለ» አልሁት። «ሦስተኛው ቁጥር።»

ክፉ ነበርሁ፤ ይቅርታም አልጠይቅበትም። ሃያ አራቱን እስኪጨርስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀበት። ከዚያም እርጥቡን ሳፋ ይዞ ወጣ፤ ተመልሶ ወርዶ ሁለቱን ጀሪካን አወጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ሲተነፍስ ሰማሁት። ሚስቱ ዓርብ ዕለት የተነፈሰችው እዚያው ላይ ይሆናል።

ተከትዬው ላይ ስደርስ የሚስቱ ሻንጣ ዚፑ ተዘግቶ በሩ ጎን ቆሟል። እሷ በረንዳው ላይ ወንበር ይዛ እሱ ሲያሰጣ ታያለች። አንዱን ጨርቅ አጣምሞ ሰቀለው፤ «ጠርዙን አቅናው» አለችው። አቀናው። ሁሉም ተሰቅሎ ሲያልቅ በጣቷ ቆጠረች፤ ሃያ አራት።

«አንድ ቀን ነው» አልኋት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «አንድ ቀን ማንም ያደርገዋል። በአንድ ቀን አትመኚ።»

«አውቃለሁ» አለች። ከዚያም ለእሱ፣ ፊት ለፊቱ፣ ቃሏን ሳታለሰልስ ነገረችው። «ሰኞ አልሄድም። እናቴ ማታ ደውላልኛለች፤ ረቡዕ ትመጣለች። እናቴ ታርሰኛለች እንጂ ጨርቅ አታጥብም፤ ውኃም አታወጣም። አንድ ቀን ካላጠብህ፣ የቆሸሸውን ከነባልዲው ትምህርት ቤትህ አመጣልሃለሁ።»

ወንድሜ አፉን ሊከፍት ሲል ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አየው። «እሺ» አለ። ቀልድ አልጨመረበትም።

ሻንጣውን ራሱ ወደ መኝታ ክፍል መለሰው። እኔ ወረቀቱን አንሥቼ፣ ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አውጥቼ፣ ከአሥራ አንዱም ቁጥር ጎን ስሙን ጻፍሁ። ወረቀቱን ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ እሱ ከመውጣቱ በፊት ሊያየው በሚችልበት ቦታ ለጠፍሁት።

ወደ ቤቴ ስመለስ ለብቻዬ የወሰንሁት አንድ ነገር ነበር። ከዚህ በኋላ ያ ሳፋ ሞልቶ ቢፈስ እንኳ እጄን አልነክርበትም።