ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ሰባት ሰሌዳዎች

"የኔ ሥራ አይደለም አልኩህ! ስንቴ ልንገርህ?" አሉ ሽማግሌው። ትንሿን የነሐስ ሰሌዳ በጣታቸው ጫፍ ገፍተው ከፊታቸው አራቁት።

"ታዲያ እርስዎ ግቢ ውስጥ ምን ሊሠራ ተቀበረ?" አልኩ።

"ግቢውን ከሸጥኩት ስንት ዘመኑ! የገዛውን ሰው ጠይቀው።"

ልጃቸው ከጓዳ ብቅ አለች። "አንተ ልጅ፣ አባዬ ግፊት አለበት እኮ። ለአንድ ቁራጭ ብረት ነው እንዲህ የምታናድደው?"

ታቦር ሰፈር ያለው ቤታቸው ድረስ አብረውኝ የመጡት የቀድሞ ባለጋሪ ሰሌዳውን ብቻ ያያሉ።

ነገሩ የጀመረው በአጎቴ ልጅ ዲቴክተር፣ ከመሬት ሥር ብረት በሚያገኝ መሣሪያ ነው። ወርቅ ፍለጋ ወርዶ ባዶ እጁን ሲመለስ መሣሪያውን እኛ ቤት አልጋ ሥር ጣለው። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ የምጽፈው ግጥም እምቢ ሲለኝ መሣሪያውን ይዤ ከተማው ዳር ወዳለው ቱላ እወጣለሁ። የማገኘው ምስማርና የለስላሳ ቆርኪ ነው። ሰው ይከበኛል። "ወርቅ ነው?" ይሉኛል። "ቆርኪ ነው" ስል፣ "ደብቆ ነው" ይባባላሉ።

አንድ ቀን ግን ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ ለቤት መሠረት የተቆፈረ ግቢ ጥግ ላይ ስዞር መሣሪያው መጮኹን አላቆም አለ። ብቆፍር በሽቦ የታሰሩ ሰባት የነሐስ ሰሌዳዎች ወጡ። እያንዳንዱ መዳፍ ያክላል። "አዋሳ" ይላል፣ ድሮ እንደሚጻፈው። ከሥሩ በምስማር ጫፍ እየተመታ የተሣለ የእንስሳ ራስ አለ። የጋሪ ሠሪ ምልክት መሆኑን የነገሩኝ የግቢው ጎረቤት ናቸው፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቁም።

እንስሳው አሳማ መሰለኝ። ስለዚህ ምሥራቅ ክፍለ ከተማን አንድ ወር ሙሉ "የአሳማ ምልክት ያለበት ጋሪ የሚሠራ ሰው ያውቃሉ?" እያልኩ ዞርኩ። አንዷ እናት "ወግድ! ጠዋት በጠዋት አሳማ ትጠራብኛለህ?" አሉኝ። ሌላው ሳቀ፤ "እሱ ላይ ደግሞ ማን ይሳፈራል?"

በመጨረሻ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ጆንያ የሚሸከሙ ሰው ሰሌዳውን ከእጄ ወስደው አራቅ አድርገው አዩት። "አሳማ? ዓይንህን ታጠብ። ጉማሬ ነው" አሉና ጆንያው ላይ ቁጭ አሉ።

እሳቸው ናቸው ባለጋሪው። ጉማሬ ያለበት ጋሪ ቢሰበር ሠሪው በነጻ ይጠግን ነበር አሉኝ፤ ሰው እንኳ ሲሳፈር ሰሌዳውን አይቶ ነው። አንድ የገበያ ቀን ቁልቁለት ላይ እሳቸው የሚነዱት ጋሪ የጎማ ዘንግ ተቆረጠ። ጋሪው ተገለበጠ፤ ፈረሱ ሞተ። በማግስቱ ሠሪው መጥተው "ላጽዳው" ብለው ሰሌዳውን ነቀሉ፤ የሌሎቹንም ጋሪዎች እንዲሁ። ከዚያ ለጠየቃቸው ሁሉ "እሱ የኔ ጋሪ አይደለም፤ ደግሞም ነጂው አለቅጥ ጭኖ ነው" አሉ። ወሬው ባለጋሪው ላይ ተጣበቀ። ፈረሱን በጭነት የገደለ ተባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ፈረስ የሰጣቸው ሰው የለም።

"የጫንኩት አንዲት ሴትና አንድ ቅርጫት ቲማቲም ነው። ካሳ አልፈልግም። ልጆቼ ግን እስከ ዛሬ እኔ የገደልኩት ይመስላቸዋል" አሉኝ። ሰሌዳዎቹ የወጡበት ግቢም የሠሪው እንደነበር ነገሩኝ፤ ያኔ ነው ወደ ሠሪው ቤት አብረን እንሂድ ያልኩት።

አሁን፣ ሠሪው ፊት ተቀምጠው፣ ባለጋሪው ቀና አሉ። "ጋሼ፣ ያንን ዘንግ ስንቴ በየዱት?"



"የምን ዘንግ?" አለች ልጃቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ገልብጠው አዩት። ጣቶቻቸው ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ።

"ሁለቴ" አሉ። "አዲስ የምገዛበት አልነበረኝም። ይይዛል ብዬ ነው። ሲቆረጥ ጊዜ፣ ሌሎቹም ቢቆረጡስ ብዬ ፈራሁና ሰሌዳዎቹን ነቀልኳቸው። ሐይቁ ውስጥ ልጥላቸው ሄጄ ነበር። እጄ እምቢ አለና ግቢዬ ውስጥ ቀበርኳቸው።"

"ጭነት አልነበረማ?" አሉ ባለጋሪው።

"አልነበረም።"

"አንዴ ይድገሙልኝ።"

"ጭነት አልነበረም። ዘንጉ ነው። ጋሪውም የኔ ነው።"

ከዚህ በኋላ ወይ ይረግሟቸዋል ወይ ይስሟቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ባለጋሪው ግን ትከሻቸው እንደ ወደቀ ቀረ።

"እኔ ሰማሁ" አሉ ቀስ ብለው። "እኔማ ድሮም አውቀዋለሁ። ለልጆቼ ማን ይንገርልኝ? እኔ ብነግራቸው፣ አባታችን ሲያረጅ ራሱን ነጻ አወጣ ነው የሚሉት።"

ሽማግሌው የወንበሩን እጀታ ተደግፈው ተነሡ። ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ፣ "ዛሬ ቤት ናቸው?" አሉ።

"እሑድ አይደል? ቤት ናቸው።"

"አባዬ! የት ልትሄድ ነው?" አለች ልጃቸው። "ሰው ምን ይላል? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነህ!"

"ለዚያ ነው የምሄደው" አሉ። "ባጃጅ የቆመ ካለ እዩ።"

ልከተላቸው ስነሣ ባለጋሪው በእጃቸው መለሱኝ። "አንተ ቆይ። ይሄ የሁለታችን ነው።"

ሽማግሌው የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ባለጋሪው ክንዳቸውን ያዟቸው። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።