ወደ መተማ የሚመለሰው ማኪና

የያዙን ከመምህራን ማሰልጠኛው በር ላይ ነው። “መሬት ለአራሹ” እያልን ስንጮህ አርፍደን ነበር። ወንዶቹን በጭነት ማኪና ወሰዷቸው፤ እኛን ሦስቱን ሴቶች በእግር ነድተው ከከተማችን መሐል አራዳ ካለው ፖሊስ ጣቢያ አስገቡን። ጣሊያን የሠራው የድንጋይ ቤት ነው። መስኮቱ ከራስ በላይ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ። በሩ ሲዘጋ ብቻችንን መስሎን ነበር። ዓይናችን ጨለማውን ሲለምድ አንዲት ረጅም ሴት ጉልበቷን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣ አየን።

“እንደምን ዋልሽ?” አልኋት።

“ደህና” አለች። ከዚህች ቃል ሌላ አማርኛ አልነበራትም።

እኔ የአይከል ልጅ ነኝ። አባቴ ከመተማ ነጋዴዎች ጋር ስለሚገበያይ ጥቂት ዓረብኛ ከጆሮዬ ገብቶ ቀርቷል። በዚያች በተሰባበረች ቋንቋ ስጠይቃት ከሱዳን ደቡብ፣ ከጦርነት ሸሽታ መምጣቷን ነገረችኝ። ባሏ የት እንደ ወደቀ አታውቅም። ድንበር ተሻግራ አይከል ስትደርስ “ወረቀት የለሽም” ብለው ያዟት። ደረቷን እየነካች “ሙዐሊማ” ትለኛለች። አስተማሪ ነበረች፤ ታስተምርበት የነበረው ቤት ተቃጥሏል።

ይህን ለጓደኞቼ ነገርኋቸው። አንዷ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ በሰልፉ ላይ ከሁላችን በላይ የጮኸች እሷ ነበረች። ሁለተኛዋ የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ ናት። የመሪጌታው ልጅ ከቤቷ የተላከላትን አገልግል ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

“እኛ የታሰርነው ላገራችን ነው። በሷ ምን አገባን? ምግቡ ለኛም አልበቃ።”

“ምነው እቴ!” አለች የድብ ባሕሯ። “ትናንት ‘ሰው ሁሉ እኩል ነው’ እያልሽ ድምፅሽ እስኪዘጋ አልጮህሽም?”

“ሰው ሁሉ ማለቴ ያገራችንን ሰው ነው።”

የድብ ባሕሯ ከራሷ ድርሻ ቆርሳ ለሴትዮዋ አቀበለች፤ እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ሴትዮዋ ሁሉ ነገር የገባት ይመስለኛል፤ ቀስ ብላ በላች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

እኔ ያን ሰሞን መቀመጥ አቃተኝ። ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ። ደጅ ማኪና በቆመ ቁጥር ልቤ ተነሥቶ ይቆማል፤ ሲሄድ ደግሞ ለምን ሄደ እላለሁ። የድብ ባሕሯ “አንቺ ሴት፣ አዞርሽኝ፤ እባክሽ ዐረፍ በይ” ትለኛለች። ተቀምጬ ሳልጨርስ እነሣለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሻምበሉ በሩን አስከፈተ። የውጭው ብርሃን ዓይናችንን ወጋው።

“ሽማግሌዎች ለምነውላችኋል። ውጡና ታጠቡ፣ ፀሐይ ሙቁ። ከሰዓት ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ።”

“እሷስ?” አልሁት።

“እሷ ነገ በማኪና ወደ መተማ ትመለሳለች። ማዶ ያሉት ይረከቧታል።”

መተማ የሚለውን ስም ሰማች። አላለቀሰችም። እጄን ያዘችና ስሟን ነገረችኝ፤ ደግማ ነገረችኝ፤ በዓረብኛም ለመነችኝ።

“ምን ትላለች?” አለች የመሪጌታው ልጅ።

“ስሜን ያዙልኝ ትላለች። ከድንበሩ ማዶ ብጠፋ የት ደረሰች የሚል ሰው ይኑረኝ ትላለች።”

የመሪጌታው ልጅ ስሙን ለማለት ሞከረች፤ ተሳሳተች። ሴትዮዋ አረመቻት። እንደገና አለችው፤ አሁን አልተሳሳተችም። ያን ስም ዛሬም አውቀዋለሁ። ዘመድ ይኖራታልና እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ የመሪጌታው ልጅ ወደ በሩ ሄደች። የምትወጣ መስሎኝ ነበር። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ከደፉ ላይ ተቀመጠች፤ በሩ እንዳይዘጋ፣ ሰውም እንዳያልፍ አድርጋ።

“ተነሺ” አላት ሻምበሉ።

“ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጽጌን ይጾማሉ?”

ወሩ ጥቅምት ነበር። “እጾማለሁ። ምን አገባሽ?”

“ስለ ማን ስደት ነው የሚጾሙት?”

ሻምበሉ ዱላውን ከብብቱ አወጣ።

“ግብፆች ‘ወረቀት የለሽም’ ብለው እመቤታችንን ከነልጇ ለሄሮድስ ቢመልሷት ኖሮ፣ ዛሬ ምን እንጾም ነበር?”

ዱላው ተነሣ። የድብ ባሕሯ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥሁ፤ ከታሰርሁ ወዲህ መቀመጥ የቻልሁት ያኔ ነው። ከኋላው የቆሙት ሽማግሌ ዘበኛ አንገታቸውን ደፉ። ዱላው ሳያርፍብን ወረደ።

“እንግዲያው አብራችሁ ሻግቱ!” ብሎ በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋንና በሩን ዘጋው።

በማግሥቱ ጧት ማኪናው መጣ። ሞተሩ ሲያጉረመርም አራታችንም ቆመን ሰማን። ቆየ። ከዚያ ድምፁ እየራቀ ሄደ። በሩን የከፈተ አልነበረም።

“አያ፣ ምን ሆነ?” አልሁ በበሩ ቀዳዳ።

“ባዶውን ሄደ” አሉ ዘበኛው በሹክሹክታ። “ሻምበል ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበረው።”

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ አዲስ አበባ በሚወርድ የፖሊስ ማኪና ወሰዷት። እዚያ የስደተኛ ጉዳይ የሚያይ መሥሪያ ቤት አለ ተባለ። ስትወጣ የመሪጌታውን ልጅ ግንባር ሳመች። እኛን ቆይተው ፈቱን።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዘመን አስተማርሁ፤ ኋላም አስተማሪዎችን አሠለጠንሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከሠልጣኞች ጋር እንድነጋገር ተጋብዤ ነበር። የስደተኛ ልጆች ከኛ ልጆች ጋር ይማሩ ወይ የሚል ነገር ተነሣ። አንዱ ሠልጣኝ ብድግ ብሎ “ለኛ ልጆችም ወንበር አልበቃ” አለ። አልተቆጣሁትም። ይህን የሚል ሰው አንድ ረፋድ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አይቻለሁ። ይህንኑ ታሪክ ነገርኋቸውና ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ያው ሠልጣኝ እስከ በሩ ተከተለኝ።

“እትዬ፣ ሴትዮዋስ? ደረሰች?”

“አላውቅም፣ ልጄ” አልሁት።

“ስሟ ማን ነበር?” አለኝ። ነገርሁት። ቀስ ብሎ ደገመው፤ ተሳሳተ፤ አረምሁት።